«ልጄ እቤት ነው የምትማረው፤ ማትሪክን ብቻዋን እንዴት ትወጣዋለች?»

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ መንደራ አካባቢ ከሚኖሩ እናት ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ልጄ 17 ዓመቷ ነው። 10ኛ ክፍል እያለች አስሟ ስለበረታባት ትምህርት ቤት መመላለስ አቆመች። ከዚያ ወዲህ እቤት ነው የምትማረው። በርቀት ትምህርት ተመዝግባ 11ኛን ጨርሳለች፤ ዘንድሮ 12ኛ ናት፣ ተፈጥሮ ሳይንስ። ጎበዝ ናት፤ መጽሐፍ ከእጇ አይለይም። ግን ከልጆች ጋር ተቀምጣ ፈተና ከተፈተነች ቆየች። ለስድስቱም ትምህርት አስጠኚ ልቅጠርላት? አጎቷ ደግሞ ከአሜሪካ እየደወለ ሳት የሚባለውን የአሜሪካ ፈተና ትፈተን ይላል። የቱን ልያዝ?»

እህቴ፣ ልጅዎ መጽሐፍ ከወደደች ከባዱ ነገር በእጅዎ ነው። የቀረው ቀላል ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

እቤት የሚማሩ ልጆችን ለዚህ ፈተና ሳዘጋጅ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ። የሚያውቁትን ያህል ውጤት አያመጡም። ምክንያቱ ሰዓት ነው። እቤት የሚማር ልጅ አንድ ጥያቄ ሲከብደው ይነሳል። ውሃ ይጠጣል፣ በረንዳ ላይ ወጣ ይላል፣ ምሳውን ይበላል። ከሰዓት ሲመለስበት ይፈታዋል። ለመማር ይሄ ግሩም ነው፤ በተጨናነቀ ክፍል የሚማር እኩያው ይህን ዕድል አያገኝም። ፈተና ላይ ግን እንዲህ ያለ ፋታ የለም። ስለዚህ ከአሁን እስከ ፈተናው ያለው ሥራ ግማሹ፣ የምታውቀውን ነገር ሌላ ሰው በያዘው ሰዓት እንድታወጣ ማስለመድ ነው።

ከዚያ በፊት የወረቀቱን ጣጣ እንጨርስ። «እቤት ተምሬያለሁ» ብሎ መጥቶ መፈተን የለም። ፈተናውን የሚሰጠው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ ምዝገባውም በኦንላይን ነው። ልጅዎ የምትመዘገበው በርቀት በምትማርበት ተቋም በኩል ስለሆነ፣ በዚህ ሳምንት እዚያ ይሂዱና ሁለት ነገር ይጠይቁ። ተቋሙ ለደረጃው ፈቃድ አለው ወይ? የዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተማሪዎቹን ለፈተና የሚያስመዘግበው ማነው፣ መቼስ ነው? መልሱን «አይዞዎት፣ እንደውላለን» በሚል አይቀበሉ። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን በዓይንዎ ይዩ። ምዝገባው ከፈተናው ወራት ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም።

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዷን፣ የ9ኛን፣ የ10ኛንና የ11ኛን ትራንስክሪፕት፣ የፋይዳ መታወቂያዋንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ተፈታኞች ፋይዳ ይጠየቃሉ። መሐመድ የሚለውን ስም እኛ ጅማ ላይ አምስት ዓይነት አድርገን ነው የምንጽፈው። አንዱ ወረቀት ከሌላው ከተለየ አሁኑኑ ይታረም። ሐምሌ ደርሶ በስም ምክንያት ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አስጠኚ ከመፈለግዎ በፊት ልጅቷ የት እንዳለች ቁርጡን ይወቁ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ የምትቀመጥባቸው ስድስት ናቸው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ። እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600 ነው። ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች በየፎቶ ኮፒ ቤቱም በቴሌግራምም ሞልተዋል። የአንድ ዓመቱን ሙሉ ወረቀት ያትሙና ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሁድ ይመድቡ።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን። ባዶ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ላይ ሰዓት፣ ለብቻው የሆነ የመልስ ወረቀት። ካልኩሌተር የለም። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ የእርስዎም ጭምር። ሰዓት የሚይዘው እርስዎ ባይሆኑ ይሻላል። እናት ሰዓት አትይዝም፤ «ትንሽ ልጨምርላት» ትላለች። አክስት ወይም ጎረቤት ትያዝ። በማገኛቸው ያለፉ ወረቀቶች ላይ ሒሳብ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት፣ እንግሊዝኛ ደግሞ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነው። ለሒሳብ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ለእንግሊዝኛው አንድ ደቂቃ ነው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ሊለይ ስለሚችል ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ጥቁሩን እስክሪብቶ ይቀበሏትና ቀይ ይስጧት። የቀራትን ሁሉ፣ የተጠራጠረችውንም ጭምር፣ ያለ ሰዓት በቀይ ትጨርስ። አሁን ሁለት ውጤት አለዎት። በጥቁር 42 አምጥታ ቀዩ ሲጨመር 70 ከሆነ ልጅዎ ትምህርቱን ታውቀዋለች፤ የጎደላት ፍጥነት ነው። ጥቁሩ 40 አካባቢ ሆኖ ቀዩ ሲጨመርም እዚያው ከቀረ ያልተማረችው ነገር አለ። ለሁለቱ መድኃኒቱ ለየቅል ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ሳይለይ አስጠኚ ይቀጥርና ልጁ የሚያውቀውን ምዕራፍ ሲያስደግም ይከርማል። ገንዘቡም ጊዜውም በከንቱ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ቢል አትደንግጡ። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እነዚህ ትምህርት ቤት የዋሉ ልጆች ናቸው፣ አብዛኞቹ። የማለፊያው መስመር ከ600 300 ነው። በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ ስለ ውጤት ብዙ ባይወራ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ከአጎት ጋር በስልክ።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልጋት ትልቁ መሣሪያ አንድ ደብተር ነው። የስህተት ደብተር እንበለው። አሠራሩን በምሳሌ ላሳይዎት።

«አንድ መኪና የመንገዱን ግማሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ሌላውን ግማሽ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሄደ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ጎበዝ ልጅ በአምስት ሴኮንድ 50 ብሎ ያጠቁራል። ምርጫዎቹ ውስጥ 50 አለ፤ ሆን ተብሎ ነው የገባው። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። የመጀመሪያው 120 በ40 ሲኬድ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ ቀሪው 120 በ60 ሲኬድ 2 ሰዓት። 240 በ5 ሰዓት፣ 48 ነው መልሱ።

አብዛኛው ልጅ ሲሳሳት ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ትክክለኛውን መልስና ፎርሙላውን ነው። ያ አይበቃም፤ ፎርሙላውንማ ታውቀዋለች። መጻፍ ያለባት ለምን 50 እንዳለች ነው። «የመንገድ ግማሽ ሲል የሰዓት ግማሽ መሰለኝ» ብላ በራሷ አነጋገር ትጻፈው። ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ መስመር ብቻ። ሰላሳ አርባ መስመር ሲሞላ አንድ ላይ ታንብበው። ያኔ ተመሳሳይ ስህተት በሒሳብም በኬሚስትሪም ተደግሞ ታገኘዋለች። አንዷ ጥያቄውን ሳትጨርስ የምትመልስ ሆና ትገኛለች፤ ሌላዋ አሃድ የምትረሳ፤ ሌላዋ ከሁለት ምርጫ አንዱን ስትመርጥ ሁልጊዜ መጀመሪያ ያሰበችውን የምትቀይር። ይህን የሚነግራት አስጠኚ የለም። ደብተሩ ነው የሚነግራት።

የምዕራፍ ጥናት ይቅር ማለቴ አይደለም። ጥያቄው ከአራቱም ክፍሎች፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ፣ ሊመጣ ይችላል። እቤት የሚማር ልጅ የወደደውን ምዕራፍ አምስት ጊዜ አንብቦ የጠላውን የመዝለል ዕድል አለው፤ ማንም አይቆጣጠረውም። ስለዚህ የመጽሐፎቹን ማውጫ ግድግዳ ላይ ትለጥፍ። የተዘለለው ራሱ ይታያል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብን አትናቅ። ቀላሉ ነጥብ ያለው እዚያ ነው፤ ተዘንግቶ የሚቀረውም እሱ ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። እቤት ሲጠና ማብራሪያው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። ጥሩ ነው፤ በደንብ ይገባል። ግን ከእንግሊዝኛ ፈተናው ውጭ ያሉት አምስቱም በእንግሊዝኛ ነው የሚመጡት። ኦስሞሲስን በአማርኛ አሳምራ የምታስረዳ ልጅ ጥያቄው ውስጥ «ከሚከተሉት ትክክል ያልሆነው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳታይ ታልፋለች። መፍትሔው የሰዋሰው መጽሐፍ መግዛት አይደለም። በየቀኑ ከባዮሎጂ ወይም ከኬሚስትሪ መጽሐፉ ሁለት ገጽ ድምጿን አውጥታ ታንብብ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ትጻፍ። ጥያቄ ስትሠራ ደግሞ «ያልሆነው»፣ «በስተቀር»፣ «ሁልጊዜ» የሚሉ ቃላትን ትክበብ። በወር ውስጥ ለውጡን ያዩታል።

አሁን ወደ አስጠኚው። ለስድስቱም አይቅጠሩ። ስድስት አስጠኚ ማለት ስድስት ዓይነት የቤት ሥራ ነው፤ ልጅቷ የራሷ ጊዜ አይኖራትም። ከጥቁርና ቀዩ ፈተና በኋላ ሁለቱም ውጤት ዝቅ ያለበትን አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ይምረጡ። ብዙ ጊዜ ሒሳብና ፊዚክስ ይሆናሉ። ጅማ በዚህ የታደለች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በተለይ ቴክኖሎጂው ግቢ፣ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ቤት ለቤት የሚያስጠኑ ተማሪዎች ይገኛሉ። ጎበዞች ናቸው፤ ማስጠናትን የሚችሉት ግን ሁሉም አይደሉም።

እንዴት ይለዩአቸዋል? ሻይ ሊያቀርቡ ሲገቡ እስክሪብቶው ማን እጅ እንዳለ ይመልከቱ። በሰዓቱ ሁሉ አስጠኚው እጅ ከሆነ ልጅዎ ፊልም እያየች ነው። ጥሩ አስጠኚ እስክሪብቶውን ለሷ ሰጥቶ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም አይደንግጡ፤ ያኔ ነው የምትማረው። ሌላው ምልክት፣ ስህተት ደብተሯን ገልጦ የሚጀምር አስጠኚ ካገኙ አይልቀቁት። ልጅቷ ሴት፣ አስጠኚው ወጣት ወንድ ሲሆን ደግሞ ጥናቱ ሳሎን በር ተከፍቶ ይሁን። ይህን ማንም የሚቀየመው ነገር አይደለም።

አፕቲትዩድን ብዙዎች «ለሱ አይጠናም» ይላሉ። ልክ አይደለም። ለእቤት ተማሪ እንዲያውም ወጪ የማይጠይቅ ነጥብ ነው። የቃላት ዝምድና፣ የቁጥር ተከታታይ፣ የአመክንዮ ጥያቄ ተመሳሳይ ቅርፅ ይዞ ነው የሚመላለሰው። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ከቁርስ በፊት፣ በሰዓት። በቃ።

ጓደኛ አለመኖሩ ግን ያሳስበኛል። ትምህርት ቤቶች ከፈተናው በፊት ሞዴል ፈተና ይሰጣሉ። አቅራቢያዎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሄደው ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ ልጅቷ ከተማሪዎቹ ጋር ለሞዴል እንድትቀመጥ ይለምኑ። አንዱ እምቢ ቢል ሌላው እሺ ይላል። ውጤቱ ዋና ነገር አይደለም። አጠገቧ ያለው ልጅ ገጽ ሲገልጥ መስማት፣ ፈታኝ በጀርባዋ ሲያልፍ አለመደንገጥ፣ ሌላው ቀድሞ ሲወጣ ተረጋግቶ መቀመጥ፣ እነዚህ እቤት አይለመዱም። ሁለት ጊዜ ከተቀመጠች ይበቃታል።

ፈተናው ከ2014 ጀምሮ የሚሰጠው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ነው። ተፈታኞች ግቢ ገብተው ዶርም ሊያድሩ ይችላሉ፤ ስልክ አይገባም። የቅርብ ዓመታት ፈተናዎች ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነበሩ። የጅማን ሐምሌ እርስዎ ያውቁታል፤ ዝናብ፣ እርጥበት፣ የሻገተ ፍራሽ። ለአስም ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ አሁን ሐኪሟ ዘንድ ሄዳችሁ የሕመሟንና የመድኃኒቷን ሁኔታ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ወረቀት ያዙ። ኮፒውን ለተቋሙ አስገቡ፤ ከፈተናው በፊት ለአስተባባሪዎች እንዲደርስ አድርጉ። ኢንሄለሯ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ኪስ፣ አንዱ ሻንጣ። በር ላይ ፍተሻ ሲኖር ወረቀቱንና መድኃኒቱን አብራ ታሳይ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለት ሦስት ሌሊት ዘመድ ቤት፣ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ትደር። ለብቻዋ ተኝታ የለመደች ልጅ ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት እንቅልፍ እንዳታጣ ነው።

ከ2016 ወዲህ በኮምፒውተር የሚፈተኑም አሉ። ልጅዎ እዚያ ከተመደበች ረጅም ምንባብ ስክሪን ላይ ማንበብንና ስሌቱን ወረቀት ላይ እየሠሩ መልሱን በማውስ መምረጥን አስቀድማ ትለማመድ። በስልክ የለመደች ልጅ ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጥ ትንገዳገዳለች። መብራት በሚጠፋበት ቀን የወረቀቱን ሥሩ፤ በሚኖርበት ቀን የኮምፒውተሩን።

ቴሌግራም ላይ «የዘንድሮ ፈተና በእጃችን ነው» የሚሉትን አይስሙ። ከልጅ ላይ ገንዘብ የሚበሉ ሌቦች ናቸው። ልጅቷም ከእንዲህ ዓይነት ግሩፕ ትውጣ፤ ጭንቀት ብቻ ነው የሚጨምሩላት።

አሁን ስለ አጎት። ተማሪዎች አፕቲትዩዱን «ሳት» ይሉታል፤ አጎቷ የሚሉት የአሜሪካው ሌላ ፈተና ነው። ማትሪክ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ነው። የአሜሪካው ሳት ውጭ አገር ለማመልከት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

የአሜሪካው አሁን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ሆኗል። ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ ነው የሚሠራው። ማንበብና መጻፍ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳብ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ፤ ውጤቱ ከ400 እስከ 1600። ሒሳቡ ላይ ካልኩሌተር ይፈቀዳል፤ መተግበሪያው ውስጥም አብሮ አለ። ከእኛ ፈተና ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። ባለካልኩሌተር ልምምድ የለመደች ልጅ ሐምሌ ላይ በእጅ ማካፈል ይከብዳታል። ከማትሪክ በፊት ሁለቱን አንድ ላይ አታስኪዷት የምለው ለዚህ ነው።

ለእቤት ተማሪ ግን ሳት ትርጉም አለው፤ አጎቷ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የክፍል ደረጃ የሌለውን ልጅ የሚመዝኑበት ነገር ያንሳቸዋል፤ የፈተና ውጤት ያን ክፍተት ይሞላል። ኤምአይቲ በ2022፣ ሃርቫርድ በ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ውጤት መጠየቅ እንደገና ጀምረዋል፤ ብዙዎች ግን አሁንም በአመልካቹ ፈቃድ ትተውታል። ሲመዘገቡ የትምህርት ቤት ኮድ ይጠየቃል። ለእቤት ተማሪዎች የተመደበው 970000 ነው፤ ልጅዎ በርቀት ተቋም ስለተመዘገበች ግን መጀመሪያ የተቋሙ ኮድ መኖሩን ያጣሩ። ክፍያው በዶላር ነው፤ አጎት ይጠቅማሉ። ለመፈተን አዲስ አበባ መሄድ እንደሚኖርባት አስቡ፤ ፓስፖርትም አስቀድማችሁ አውጡ።

ጊዜው ይመቻል። ማትሪክ ሐምሌ ላይ ያልቃል። ሳት ደግሞ በኦገስት መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ይሰጣል። እስከ ሐምሌ ድረስ ለሳት የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ በቀን ግማሽ ሰዓት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ። ለሁለቱም ይጠቅማታል። ከሐምሌ በኋላ ካን አካዳሚ በሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ያለውን ነጻ ልምምድ ትያዝ። ኮርስ እንሽጥላችሁ ለሚሉት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ብሉቡክ ውስጥ ካሉት ሙሉ ፈተናዎች አንዱን ሠርታ ትይ። ከ1000 በታች ከሆነ ለኦገስት አትቸኩል፤ ኦክቶበር ይሁን ወይም ከዚያ ወዲያ።

ማትሪኩ 50 በመቶ ባይሞላ በዚያ ያለቀ ነገር አይደለም። ከ2015 ጀምሮ ሬሜዲያል የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ለዚያ የተቆረጠውን ነጥብ ያመጡ ተማሪዎች ተጨማሪ ትምህርት ተምረው ተፈትነው የሚገቡበት ነው። በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥም አለ። ይህን ለልጅቷ አሁኑኑ ይንገሯት፤ ከውጤት በኋላ ሲነገር ማጽናኛ ይመስላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜና እሁዶች ካለፉ በኋላ ጥቁሩንና ቀዩን ውጤት በየትምህርቱ ለይተው ይላኩልኝ። ከስህተት ደብተሯም የመጀመሪያዎቹን አሥር መስመሮች ፎቶ አንስታ ትጨምር። የትኛው ትምህርት አስጠኚ እንደሚፈልግ ያኔ እነግርዎታለሁ።